የአባቴን እንጉርጉሮ በኦርኬስትራ ላሰማን ወጣት

አባቴ የከባድ መኪና ሹፌር ነበር። ግንቦት 1990 ዓ.ም. በጦርነቱ የአሰብ መንገድ እስኪዘጋ ድረስ በኮምቦልቻና በባቲ በኩል ተመላልሷል፤ ከዚያ በኋላ ጅቡቲ። ለሙት ዓመቱ ፎቶግራፎቹን ሰብስበን አጭር ፊልም አዘጋጀንለት። የቀረን ሙዚቃው ብቻ ነበር። ያ «ብቻ» አራት ወር በላ።

የመጀመሪያዎቹ ሙዚቃ ሠሪዎች ቀብዱን ተቀብለው ስልክ ማንሳት አቆሙ። ሁለተኛዎቹ አንድ ነገር አስረከቡኝ፤ የእህቴ ልጅ ገና ሲሰማው «ይሄማ የሳሙና ማስታወቂያ ላይ ያለው ነው» አለ። ሄጄ ብጠይቅ «ሐዘን ሐዘን ነው፣ ምን ልዩነት አለው?» ተባልኩ። ስማቸውን አልጽፍም። ገንዘቤን ግን እስከ ዛሬ አልመለሱልኝም።

በመጨረሻ ጎረቤታችን ወለቴ የሚኖር፣ በኮምፒውተር የኦርኬስትራ ሙዚቃ የሚያቀናብር አንድ ወጣት ጠቆመችኝ። ከአየር ጤና በታክሲ፣ ከዚያ ጭቃውን በእግር። ቤቱ አንድ ክፍል ነው፤ የጎረቤት ወፍጮ ድምፅ እንዳይገባ መስኮቱ ላይ ፍራሽ ገትሯል። ሙዚቃ ትምህርት ቤት ገብቶ አያውቅም። ያገኘውን ቋጥሮ አገር ይዞራል። ደቡብ፣ ደራሼ ሄዶ ፊላ የሚባለው የትንፋሽ መሣሪያ ሲነፋ ሰምቷል፤ አንድ ሰው ብቻውን ዜማውን መንፋት አይችልም፣ የእያንዳንዱ ሰው ድምፅ በየተራው ሲገባ ነው ዜማ የሚሆነው። «ኦርኬስትራ የገባኝ እዚያ ነው» አለኝ። እኔ ግን እንኳን ኦርኬስትራ፣ ኪቦርዱን ከኮምፒውተሩ ጋር ምን እንደሚያገናኘው አልገባኝም።

ስለ ዋጋ ከመነጋገራችን በፊት «አባትሽ ሲነዱ ምን ያንጎራጉሩ ነበር?» ብሎ ጠየቀኝ። ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። ድምፅ የለኝም፤ እያፈርኩ አንጎራጎርኩለት። ክራሩን ከግድግዳ አውርዶ ጥቂት ፈለገና «ባቲ ነው» አለ። ቅኝቱን ማለቱ ነው። እኔ የታየኝ ግን አባቴ ሰኞ ሰኞ ለገበያው ብሎ መኪናውን የሚያቆምባት ከተማ ናት፤ እዚያው አለቀስኩ። ቀብድ ስዘረጋለት «መጀመሪያ እናትሽ ሰምተው ይውደዱት» ብሎ መለሰልኝ።

እናቴ ጉልበቷን ስለሚያማት ከቤት አትወጣም። ሳንጠራው፣ እሑድ ቀን በዝናብ፣ ኮምፒውተሩን በፌስታል ጠቅልሎ አስኮ ድረስ መጣ። እማማ ዓይኗን ጨፍና እስከ መጨረሻው አዳመጠች። «ጥሩ ነው ልጄ፤ እሱ ግን ዳገት ላይ እንዲህ አይቸኩልም ነበር» አለችው። ሌላው ቢሆን ይከራከራት ነበር። እሱ «እሺ እማማ» ብሎ የሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ፤ ቡናው ሦስተኛ ሳይደርስ የሆነ ነገር ነካክቶ እንደገና አሰማን። ቫዮሊኖቹ ማርሽ እንደ ቀነሰ ኤንትሬ የጭነት መኪና እያቃሰቱ፣ ቀስ እያሉ ወጡ። እናቴ ጉልበቷን እየመታች ጠበቀችና «አሁን ደረሰ» አለች።

ለፊልም ይሁን፣ ለሠርግ፣ ለምርቃት ወይም እንደኛ ለሙት ዓመት፣ እሱን አሠሩ። ደግሜ እላለሁ፣ እሱን አሠሩ፤ ስትከፍሉም አትከራከሩት፣ ራሱ ዋጋ መጥራት አያውቅበትም። ስሙ እዚህ እንዲጻፍ አልወደደም፤ በውስጥ መስመር ለጻፈልኝ ሁሉ ስልኩን እሰጣለሁ። ስትደውሉ ግን ከመሸ በኋላ ይሁን፤ ቀን ቀን ወፍጮው ስለሚጮህ አይሰማችሁም።