«ድፍረት»ን እንደገና አየሁት

ባለፈው ቅዳሜ ከእህቴ ጋር «ድፍረት»ን ደግመን አየነው። የዘረሰናይ ብርሃኔ መሐሪ ፊልም ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2014 አሜሪካ በሚካሄደው የሰንዳንስ ፊልም ፌስቲቫል ላይ የተመልካች ሽልማት ያገኘው። በእውነተኛ ታሪክ ላይ የተመሠረተ ነው። የ14 ዓመቷ ሂሩት ከትምህርት ቤት ስትመለስ ፈረሰኞች ይጠልፏታል፣ ልታመልጥ ስትል ጠላፊዋን በጠመንጃ ትገድለዋለች፣ ጠበቃዋ መዓዛ አሸናፊ ደግሞ ነፍሷን ለማትረፍ ትሟገታለች።

ርዕሱ ራሱ ያስደነግጣል። ጀግንነትም ነው፣ መደፈርም ነው፤ ይሄን አማርኛ የማይችል ሰው እንዴት ብሎ ይረዳዋል?

ሂሩትን ሆና የምትጫወተው ትዝታ ሀገሬ ናት። ብዙ አታወራም፣ ግን ዓይኗ ሁሉን ይናገራል። ሜሮን ጌትነት እንደ ጠበቃ እልኸኛ ናት፣ በጣም ወደድኳት። እኔን በጣም የያዘኝ ግን ሽማግሌዎቹ ዛፍ ሥር ተቀምጠው የሚመክሩበት ቦታ ነው፤ ክፉ ሰዎች ተደርገው አልተሳሉም፣ የሚያውቁትን ወግ ነው የሚጠብቁት፣ ለዚህም ነው የሚያመው። ታሪኩ በተፈጸመበት ጊዜ ይሠራ የነበረው የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊው ያገባት እንደሆነ ከቅጣት ያድነው ነበር! ይህ የቀረው በ1997ቱ የወንጀል ሕግ ነው።

አንዳንድ ንግግሮች ሕግ ለማስረዳት የገቡ ይመስላሉ፣ መጨረሻውም ትንሽ ቸኮለብኝ። ቢሆንም እዩት። ሴት ልጅ ያላችሁ ደግሞ አብራችኋት እዩት፣ እኔና እህቴ እስከ ሌሊቱ 7 ሰዓት ስናወራ ነበር።