ኮስትራችን በር ላይ ቆመው «ቤቶች!» ላሉት ባለሙያ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ ማለት ቢያንሰኝ ነው ይህን የምጽፈው። ከሐምሌ ጀምሮ ልጻፍ ልጻፍ ስል ቆይቼ፣ ክረምቱ ይፈትነው ብዬ ታገስኩ። አሁን ክረምቱ ሊወጣ ነው፤ ጣራችን አንዲት ጠብታ አላስገባም። ስለዚህ አፌን ሞልቼ እናገራለሁ፤ ባሕር ዳርም ሆነ ጣና ዳር የምትኖሩ፣ የመኪናችሁ ጣራ የሚያፈስባችሁ፣ ላሜራው ዝጎ የተበላባችሁ ሁሉ፣ ሌላ ጋ ሄዳችሁ ከመንከራተታችሁ በፊት እኚህን ባትላሜራ፣ የመኪና ላሜራ ባለሙያ፣ ፈልጉ።

እኛ የምንኖረው ኮስትር ውስጥ ነው። አዲስ አበባ የቤት ኪራይ አላስቀምጥ ሲለን፣ ባለቤቴ ለዓመታት ሰው ያመላለሰባትን አሮጌ መኪና ወንበሮቿን ነቅለን ሸጥን፤ ሁለት አልጋ፣ አንድ መደርደሪያና የምድጃ ቦታ አሠራንባት። በየካቲት የዓባይን በረሃ ቀስ እያልን ወርደን፣ ቀስ እያልን ወጥተን ዘጌ ገባን። የባለቤቴ አክስት፣ እኔም እትዬ ነው የምላቸው፣ ከቡናቸው ጥግ ባዶ ቦታ ነበራቸውና እዚያ አቆምናት። ዘጌን የምታውቁ ታውቃላችሁ፤ ከገዳሙ መሥራች ከአቡነ በትረ ማርያም ዘመን ጀምሮ በሬ አይጠመድም፣ አይታረስም እየተባለ የኖረ አገር ነው፤ ሰዉ የሚኖረው በቡናውና በጌሾው ነው። ዛፍ ቆርጦ ቤት መሥራት ለእትዬ የሚያማቸው ነገር ነው። ጎማ ያለው ቤት ግን ዛፍ አያስቆርጥም ብለው ደስ ብሏቸው ተቀበሉን።

መልመዱ ቀላል አልነበረም። መጋቢትና ሚያዝያ ጥላ ስር ሆነንም ቀትር ላይ ውስጧ አያስቀምጥም ነበር። ውሃ በጀሪካን፣ መብራት ከእትዬ ቤት በተሳበ ገመድ፣ እንጀራ በእትዬ ምጣድ። ከሰል ውስጥ ማቀጣጠል የሚታሰብ አይደለም (እንደኛ ልትኖሩ የምታስቡ ካላችሁ ይህን አደራ፤ በተዘጋ መኪና ውስጥ የከሰል ጭስ ሰው ይገድላል)፤ ስለዚህ ቡናዬን የማፈላው ውጭ፣ በሩ ፊት ነው። እኔ ለመድኩት። ልጄ ግን ተቸገረች። ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ትምህርት ቤት «የመኪናዋ ልጅ» አሏት። ከዚያ ወዲህ ጓደኞቿ አብረዋት ከመጡ በእትዬ በር ገብታ፣ እነሱ እስኪሄዱ ጠብቃ፣ በጓሮ ዞራ ነበር ወደኛ የምትመጣው። እናት ሆናችሁ ይህን ማየት ምን እንደሆነ ልነግራችሁ አልችልም።

ሰኔ ሲገባ ደግሞ ጣራው ማፍሰስ ጀመረ። የሚንጠባጠበው ልክ የልጄ ራስጌ ላይ።

መጀመሪያ የመጣው ሰው ቀብድ 4,000 ብር ተቀበለ፤ ጣራው ላይ ወጥቶ ሲልኮን ለቀለቀበትና ሄደ። አንድ ሳምንት አልቆየም፣ በዚያው ቦታ ማፍሰስ ጀመረ። ስልኩ ቢደወል አይነሳ፣ ኋላም ጭራሽ ዝግ። ሁለተኛው ጊዜ መንገዱ በጭቃ ሳይዘጋ ብለን ባሕር ዳር ድረስ ወስደን አንድ ጋራዥ አስገባናት። «ሦስት ቀን» አሉን። አሥራ አንድ ቀን ሆነ። ቤታችንን ነው የወሰዱብን እኮ! ሦስታችን ዘመድ ሳሎን ወለል ላይ ተኝተን ስንመላለስ፣ አንድም ቀን ሰው ነው ብሎ ያናገረን የለም። ልንረከብ ስንሄድ ፍራሹ ላይ በግሪስ ጫማ ተረግጦበታል፤ ማንኪያዎቼና የባለቤቴ ቻርጀር የሉም። ስጠይቅ አንዱ ምን አለኝ? «መኪና ውስጥ ዕቃ ማን ተዪ አለሽ?» ከፍለን ወጣን። ከሦስት ቀን በኋላ እንደገና ዘነበ፣ እንደገና ልጄ ራስጌ ላይ ፈሰሰ። ያን ሌሊት ትልቁን ድስቴን አልጋዋ ላይ አስቀምጬ፣ እሷን እኔ ጋ አስተኝቼ፣ ጠብታውን ስቆጥር ነጋ።

እኚህን ሰው የጠቆመን የዘጌ ጀልባ ላይ የሚሠራ ልጅ ነው። መኪናዋን ወደ ባሕር ዳር እንዳንወስድ መንገዱ ጭቃ ሆኗል። በስልክ ስንነግራቸው «ቤቱ መምጣት ካልቻለ እኔ እመጣለሁ» አሉ። «መኪናው» አላሉም። ያኔውኑ ልብ ብዬዋለሁ።

በማግስቱ ጠዋት፣ ጣና ገና ነፋስ ሳይነሳበት፣ ከአንድ ረዳታቸው ጋር መሣሪያቸውን በጆንያ ይዘው በጀልባ መጡ። እኔ ውስጥ ነበርኩ። በሩ ወለል ብሎ ክፍት ነው። ግን አልገቡም። ደረጃው ፊት ቆመው «ቤቶች!» አሉ።

አምስት ወር ሙሉ ያቺ መኪና በር ላይ «ቤቶች» ያለ ሰው አልነበረም። መኪና ነዋ፤ ማን ይላል? ድምፄ ተናንቆኝ «ይግቡ» አልኩ። ጭቃ በጭቃ የሆነ ቦት ጫማቸውን ደረጃው ላይ አውልቀው በካልሲ ገቡ። ረዳቱ በጫማው ሊከተላቸው እግሩን ሲያነሳ «አንተ! የሰው ቤት እኮ ነው» አሉት። ፊቴን ወደ መደርደሪያው አዞርኩ።

ከዚያ የሠሩትን እንዳየሁት ልናገር፤ ሙያው አይገባኝም። ረዳቱን መሰላል ላይ አወጡና በጆግ ውሃ ቀስ እያደረገ እንዲያፈስ አዘዙት፤ ከፊት ጀምሮ፣ ስንዝር በስንዝር። ልጄን ጠሩና ጠመኔ ሰጧት። «እታለም፣ የኔ ዓይን ደክሟል። ጠብታ ስታዪ ምልክት አድርጊልኝ» አሏት። አልጋዋ ላይ ቆማ፣ አንገቷን ቀና አድርጋ ስትጠብቅ ቆየች። ረዳቱ ከሹፌሩ ወንበር በላይ ሲደርስ «መጣ!» ብላ ጮኸች። የሚንጠባጠበው እሷ ራስጌ፣ ውሃው የገባው ግን ከዚያ ሁለት ሜትር ርቆ! ድሮ ፖርቶ መጋላው፣ የጣራው ዕቃ መጫኛ፣ ታስሮባቸው የነበሩት ቀዳዳዎች ናቸው አሉ፤ ውሃው በዚያ ገብቶ ከኮምፔንሳቶው በላይ ብረቱን ተከትሎ እየሄደ ነው እኛ ጋ የሚወርደው። ሁለት ባለሙያ ነን ባዮች ገንዘባችንን የበሉት የሚንጠባጠብበትን ቦታ ሲለቀልቁ ነው። የሚገባበትን የፈለገ አንድም ሰው አልነበረም።

በምን እንደደፈኑት አትጠይቁኝ። ቀዳዳዎቹን አንድ በአንድ ፋቁ፣ ዘጉ፣ ቀቡ፤ ከሰዓት በኋላ ሆነ። እትዬ ካልበላችሁ ብለው በግድ አስቀመጧቸው፤ ከዘጌ ቡና ሦስቱንም ጠጡ። ሒሳብ 3,500 ብር አሉ። ባለቤቴ ሊጨምር ቢለምን ቢያስምላቸው እንቢ። «እስካሁን ከእናንተ የወጣው ይበቃል» አሉ።

ሊሄዱ ሲሉ ልጄን «ቤትሽ ጥሩ ቤት ነው፤ ነገሩን የፈታው ምልክት ያንቺ ነው» አሏት። ጣሪያው ላይ ያደረገችውን የጠመኔ መስቀል እስካሁን አስጠርግ አትልም። በነሐሴ አንድ ቀን ሁለት ጓደኞቿን በዋናው በር ይዛ መጣች። አንገቷን ወደ ውስጥ ብቅ አድርጋ «ቤቶች!» አለችኝ።

ስማቸውን አትጻፊ ብለውኛል፣ ስለዚህ አልጽፍም። የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጠይቁኝ፤ ፈቅደውልኛል፣ ስልካቸውን እሰጣለሁ። አደራ ደውሉላቸው። ሥራቸው ንጹሕ፣ ቃላቸው ቃል፣ ዋጋቸው የሰው ዋጋ ነው። አሁንም እላለሁ፣ ሌላ ጋ ሄዳችሁ አትንከራተቱ። ጋሼ፣ ይህን ካነበቡት፣ ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ፤ እጅዎ አይዛል።

ዛሬ ጳጉሜን 3 ነው፣ ሩፋኤል። ከጠዋት ጀምሮ እየዘነበ ነው። ይህን የምጽፈው የልጄ አልጋ ላይ ተቀምጬ ነው፤ ፍራሹ ደረቅ ነው፣ ድስቱም ምድጃው ላይ፣ ቦታው ላይ ነው። እሷ ውጭ ናት። ከጎረቤት ልጆች ጋር ሩፋኤል ጠበል ነው እያለች በዝናቡ ትጠመቃለች።