«ሲስተር ከልክለውኛል»፦ ለሥልጠናችን ነርስ ምስጋና

ባሕር ማዶ ለበጎ ፈቃድ አገልግሎት ሄዶ ሥልጠናውን የጨረሰ ሰው ብዙ ጊዜ የሚያመሰግነው የቋንቋ መምህሩን ነው። ለመምህራኑ ይገባቸዋል። እኔ ግን ዛሬ የማመሰግነው ነርሳችንን ነው፤ እሳቸው ባይኖሩ ግማሾቻችን ሥልጠናውን የምንጨርስ አይመስለኝም። ስማቸው በአደባባይ እንዲነሳ ስለማይወዱ ሁላችንም እንደምንጠራቸው «ሲስተር» ልበላቸው።

አዲስ ሠልጣኝ ሲታመም መጀመሪያ የሚያሳስበው ሕመሙ አይደለም፤ «ወደ አገሬ ይመልሱኝ ይሆን?» የሚለው ነው። ስለዚህ ይደብቃል። ተቅማጡን በምግብ ለውጥ፣ ትኩሳቱን በድካም ያመካኛል። ሲስተር ይህን ስለሚያውቁ ገና በመጀመሪያው ስብሰባ «የሚያስመልሳችሁ የነገራችሁኝ ሳይሆን የደበቃችሁኝ ነው» አሉን። ወባ ባለበት አካባቢ ትኩሳት የተሰማው ሰው መከላከያ ክኒን እየወሰደም ቢሆን በ24 ሰዓት ውስጥ ደሙ መታየት አለበት። እኩለ ሌሊት ላይ ሲደወልላቸው የሚያነሱትም ለዚህ ነበር።

ክኒኑንም ዝም ብለው አላደሉንም። እያንዳንዳችንን ለብቻ አስገብተው ከዚህ ቀደም ድባቴ ወይም ከባድ ጭንቀት ገጥሞን እንደሆነ ጠየቁ፤ ሜፍሎኩዊን የሚባለው መድኃኒት እንዲህ ያለ ታሪክ ላለው ሰው አይመከርማ። ዶክሲሳይክሊን የሚባለው ሌላው የወባ መከላከያ ለደረሰን ደግሞ በብዙ ውኃ እንድንውጠው፣ ከዋጥንም በኋላ ወዲያው ጋደም እንዳንል (ጉሮሮ ያቆስላል)፣ ፀሐይ ቶሎ እንደሚያቃጥለን፣ ከወባማው አካባቢ ከወጣን በኋላም ለ4 ሳምንት እንድንቀጥል አስረዱን።

እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ ግን በየቤቱ የሠሩት ሥራ ነው። በሥልጠናው ወቅት የምናድረው ተደልድለን ከአገሬው ቤተሰብ ጋር ነበር። በፍቅር የቀረበልህን ውኃ «አልጠጣም» ማለት፣ ያውም በቅጡ በማትናገረው ቋንቋ፣ ከባድ ነው። ሲስተር ቤቶቹን ሁሉ ዞረው፣ ከእናቶቹ ጋር ተቀምጠው በራሳቸው ቋንቋ አወሩ። ውኃው ከተንፈቀፈቀ በኋላ 1 ደቂቃ፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር ከፍ ባለ ቦታ ደግሞ 3 ደቂቃ መፍላት እንዳለበት አሳዩዋቸው። እኛን ደግሞ አንዲት ዓረፍተ ነገር አስጠኑን፦ «ሲስተር ከልክለውኛል።» ጥፋቱ ሁሉ የእሳቸው ሆነ፤ እኛ ጨዋ እንግዶች ሆነን ቀረን። እናቶቹም ቢሆኑ ቅር ከመሰኘት ይልቅ ማሰሮውን ሲጥዱ «ሲስተር እንዳይቆጡን» እያሉ ይስቁብን ጀመር።

ቆየት ብሎ ብዙዎቻችን በትንሽ ትልቁ መነጫነጭ፣ እንቅልፍ ማብዛት፣ ስልክ ላይ ተጥዶ መዋል አመጣን። ለዚህ መድኃኒት አላዘዙም። አንትሮፖሎጂስቱ ካሌርቮ ኦበርግ በ1960 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጽሑፍ የገለጸውን የባህል ድንጋጤ ነገሩን፦ መጀመሪያ ሁሉ ነገር ያምራል፣ ቀጥሎ ሁሉ ነገር ያስጠላል፣ ከዚያ ቀስ በቀስ ይለመዳል። «አሁን ሁለተኛው ላይ ናችሁ» ብለው ወደ ሥራቸው ሄዱ። ማባበል የለም! ግን ያ መልስ ለእኔ ከብዙ ማጽናኛ በላይ ነበር።

እንከናቸውን ካልተናገርኩ ጥቆማዬ አይታመንም። ይቆጣሉ። አጎበሩን ፍራሹ ሥር ሳይሸጉጥ የተኛን ሰው በሰው ፊት ይናገሩታል። ውሻ የነከሰው ጓደኛችን «እኔ እንደሆነ ተከትቤያለሁ» ብሎ ሊቀመጥ ሲል፣ ቁስሉን ለ15 ደቂቃ በሳሙናና በውኃ አሳጥበው፣ እየተቆጡ ለተጨማሪ ክትባት ይዘውት ሄዱ። ቀድሞ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት የወሰደም ሰው ከተነከሰ በኋላ ተጨማሪ ያስፈልገዋል።

አሁን ከማዕከሉ ሥራ ውጭ ለጉዞ የሚዘጋጁ በጎ ፈቃደኞችን በስልክ ያማክራሉ። የምትፈልጓቸው በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ እሳቸውን አስፈቅጄ አገናኛችኋለሁ። ከመደወላችሁ በፊት የክትባት ካርዳችሁንና የምትወስዱትን መድኃኒት ሁሉ ፎቶ አንስታችሁ ያዙ፤ የመጀመሪያ ጥያቄያቸው እሱ ነው። ካርዱ ላይ የቢጫ ወባው ክትባት 10 ዓመት አልፎት ብታገኙት አትደንግጡ፤ ከሐምሌ 2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የምስክር ወረቀቱ ለዕድሜ ልክ ያገለግላል።