ሰዋስው ላይ ጎበዝ፣ ዘይቤ ላይ ሰነፍ

ተማሪ ሳስጠና ከጠረጴዛዬ የማትጠፋ አንዲት ቀጭን መጽሐፍ አለች፤ የእንግሊዝኛ ሰዋስውና የሥነ ጽሑፍ ቃላት መፍቻ። እንዲህ ያለ መጽሐፍ ሞልቷል፤ አብዛኛው ግን ትርጉም አስሸምድዶ ይሰናበታል። ይህች፣ ቢያንስ እስከ ግማሿ ድረስ፣ እንዲያ አታደርግም።

ስለ ቨርብ፣ ማለትም ስለ ግስ፣ "ቨርብ ድርጊት የሚገልጽ ቃል ነው" የሚለውን የለመድነውን ፍቺ ትጽፍና ወዲያው ራሷ ታፈርሰዋለች። ማወቅን የሚገልጸው "ኖው" ምን ድርጊት አለው? "አራይቫል" ደግሞ መድረስን እየነገረን እንዴት ናውን፣ ማለትም ስም፣ ሆነ? መልሷ ቃሉን ዓረፍተ ነገር ውስጥ አስገብቶ መፈተን ነው። "ኖው" በኃላፊ ጊዜ "ኒው" ይሆናል፤ ስለዚህ ቨርብ ነው። "አራይቫል" ከፊቱ "ዘ"ን ይቀበላል፣ ብዙ ቁጥርም አለው፤ ስለዚህ ናውን ነው። ይህን መፈተኛ የያዘ ተማሪ አዲስ ቃል ሲገጥመው አይደናገጥም።

ከሁሉ የምወደው በ"አይኤንጂ" ስለሚያልቁ ቃላት የተጻፈውን ገጽ ነው። "ስዊሚንግ ኢዝ ፈን" ሲባል ቃሉ የዓረፍተ ነገሩ ባለቤት ነው፤ ጀረንድ ይባላል። "ሺ ኢዝ ስዊሚንግ" ውስጥ ግን ከ"ኢዝ" ጋር ተጣምሮ የግሱ አካል ሆኗል፤ ፕረዘንት ፓርቲሲፕል ነው። መልኩ አንድ፣ ሥራው ሁለት። ስለ ፓሲቭ ቮይስም፣ ማለትም ባለቤቱ ድርጊቱን ፈጻሚ ሳይሆን ተቀባይ ስለሚሆንበት አገላለጽ፣ እንዲሁ በግልጽ ተጽፏል፤ "ዘ ሌተር ዊል ቢ ሴንት" ገና የሚሆን ነገር ቢሆንም ፓሲቭ ነው፣ "ሺ ወዝ ስሊፒንግ" ደግሞ "ወዝ" ስላለበት ብቻ ፓሲቭ አይሆንም። "ወዝ" ባዩ ቁጥር ፓሲቭ ብለው የሚያሰምሩ ልጆች ስንት ናቸው!

አንድ የኅዳግ ማስታወሻም ደስ አሰኝቶኛል። የጥንቱ ግሪካዊ ዲዮኒሲየስ ትራክስም የቃል ክፍሎችን ስምንት ብሎ ቆጥሯል፤ ነገር ግን አርቲክል (እንደ "ዘ" ያለው) እና ፓርቲሲፕል ራሳቸውን ችለው ገብተዋል፣ አድጀክቲቭ (ቅጽል) በናውን ሥር ነበር፣ ኢንተርጀክሽን (ቃለ አጋኖ) ደግሞ የለም። ፈተና ላይ አይመጣም፤ ግን ዝርዝሩ ከሰማይ እንዳልወረደ ያሳያል።

ከዚያ የዘይቤው ክፍል ይመጣል፤ እዚህ ላይ ደራሲው የደከመው ይመስለኛል። ሲሚሊ፣ ማለትም ተነጻጻሪ ዘይቤ፣ "ላይክ ወይም አዝ ያለበት ንጽጽር" ተብሎ ታልፏል። እንዲህ ከሆነ "ሺ ወርክስ አዝ ኤ ነርስ"ም ሲሚሊ ሊባል ነው? ሴትዮዋ ነርስ ናት እኮ! "ሂ ሉክስ ላይክ ሂዝ ፋዘር"ም ልጅ አባቱን መምሰሉን ከመናገር አያልፍም። ሁለቱ ነገሮች በዓይነታቸው የተራራቁ መሆን አለባቸው የሚል አንድ መስመር በቂ ነበር።

አሊትሬሽን፣ ማለትም የቃላት መነሻ ድምፅ መደጋገም፣ ደግሞ "በአንድ ፊደል የሚጀምሩ ቃላት" ተብሏል። ጉዳዩ የድምፅ እንጂ የፊደል አይደለም። "ሲቲ" እና "ካት" በእንግሊዝኛ በአንድ ፊደል ይጻፋሉ፣ ድምፃቸው ግን አይገጥምም፤ "ፎን" እና "ፊሽ" በተለያየ ፊደል ጀምረው ይገጥማሉ። በእኛ ፊደል ሲጻፉ ነገሩ ወለል ብሎ ይታያል።

አይረኒ፣ ማለትም ምጸት፣ "የሚባለው ሌላ፣ የሚፈለገው ሌላ" በሚል ብቻ ተቋጭቷል። ተመልካቹ የሚያውቀውን ገጸ ባሕሪው ሳያውቅ ሲቀር የሚፈጠረው ድራማቲክ አይረኒ ጨርሶ የለም፤ ተውኔት ለሚያነብ ተማሪ ይህ ትልቅ ጉድለት ነው። ሰውኛና ግነት ደህና ናቸው።

ለሰዋስው ግዟት፤ ለግጥምና ለተውኔት ሌላ ፈልጉ። ቃላቱ በእንግሊዝኛ ፊደል ተራ ስለተደረደሩ ብቻውን የሚያጠና ልጅ ገና ሰብጀክትን (ባለቤትን) ሳያውቅ ክሎዝ ላይ፣ ማለትም ባለቤትና ግስ ያለው የቃላት ስብስብ ላይ፣ ይወድቃል። እኔ ከሰብጀክትና ስለ እሱ ከሚነገረው ከፕረዲኬት አስጀምሬ ነው ወደ ክሎዝ የምመልሳቸው።