ቶክሶፕላዝሞሲስ ወይስ የአንጎል ሊምፎማ?

ከአጋሮ ወይም ከሰቃ ራስ ምታትና የአንድ ጎን መስነፍ ይዞ ጅማ ለሕክምና የሚመጣ፣ ኤችአይቪ በደሙ ያለ ሰው ሲቲ ስካን ላይ ቀለበት የመሰለ እብጠት ሲታይበት፣ ቤተሰብ ቶሎ “ካንሰር ነው” ብሎ ተስፋ ይቆርጣል። እባካችሁ አትቸኩሉ።

እንዲህ ያለውን እብጠት ቶክሶፕላዝሞሲስም፣ ሊምፎማ የሚባለው የነጭ ደም ሴሎች ካንሰርም ሊያመጡት ይችላሉ። ሁለቱም የሚመጡት የሰውነት መከላከያ በጣም ሲዳከም፣ በተለይ ሲዲ4 (ኤችአይቪ የሚያጠቃቸው የመከላከያ ሴሎች ቁጥር) ከ100 በታች ሲወርድ ነው። ቶክሶፕላዝሞሲስ በጥገኛ ተሕዋስ የሚመጣ ሲሆን ብዙ ጊዜ ከአንድ በላይ እብጠት ያሳያል፤ በጊዜ ከተደረሰበት ይታከማል። ሊምፎማው ብርቅ ነው። አዘውትሮ ነጠላና ከ4 ሴንቲሜትር የሚበልጥ ይሆናል፤ አንዳንዴም ከአንዱ የአንጎል ክፍል ወደ ሌላው ይሻገራል።

ምስል ብቻውን ግን አይለያቸውም። በእኔ እምነት ትልቁ መለያ ለሕክምናው የሚሰጡት ምላሽ ነው። እንደ ኮትሪሞክሳዞል ያለ የቶክሶፕላዝሞሲስ መድኃኒት ተጀምሮ በ14 ቀን ገደማ መሻሻል ካልታየ ሊምፎማ ይጠረጠራል፤ ከእብጠቱ ናሙና መውሰድም ይታሰባል። እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ፦ ዴክሳሜታዞን የተባለው የአንጎልን ማበጥ የሚቀንስ መድኃኒት ሊምፎማንም ለጊዜው ስለሚያሟሽሸው፣ አብሮ ከተሰጠ የታየው ለውጥ የማን እንደሆነ ያምታታል። ስለዚህ የአንጎሉ ማበጥ ሕይወትን ካላሰጋ በቀር ዴክሳሜታዞን ባይጀመር ይመረጣል። በአገራችን ቲቢም ተመሳሳይ እብጠት ስለሚያመጣ ከጥርጣሬው መውጣት የለበትም።