ያገለገለ ኦሪጅናል ተርቦ ወይስ አዲስ ኮፒ? ለሃይሉክስ ባለቤቶች

ሶማሌ ተራ የመለዋወጫ ገበያ ቆመው የሚደውሉልኝ ወዳጆች ጥያቄያቸው አንድ ነው። «ሃይሉክሷ ዳገት ላይ አቅም አጣች፤ መካኒኩ ተርቦው አልቋል አለ። እዚህ በካርቶን የታሸገ አዲስ ኮፒ አለ፣ ማዶ ደግሞ የዱባይ ያገለገለ አለ። የቱን ልውሰድ?» ተርቦ ማለት በጭሱ ኃይል እየዞረ ለሞተሩ አየር ጨምቆ የሚሰጠው ክፍል ነው። መልሴን ላስቀድም፦ ያገለገለውን ኦሪጅናል። የቸኮለ እዚህ ላይ ማቆም ይችላል፤ ሒሳቡን ማየት የሚፈልግ ይቀጥል።

ዋጋውን በብር ብጽፈው ሳምንት ሳይሞላው ውሸታም ያስብለኛል። ከሐምሌ 2016 ወዲህ የብር ምንዛሪ በገበያ ሲወሰን የመለዋወጫ ዋጋም አንድ ቦታ አልቆም ብሏል። ስለዚህ አዲሱ ኮፒ 100 ነው እንበልና ሌላውን ከሱ አንጻር እንይ። ንጹሕ ያገለገለ ኦሪጅናል እኔ እንደምሰማው ከ130 እስከ 170 ይጠራበታል፤ ያልቸኮለ ሰው 120 ድረስ ያወርደዋል። መሐሉ ብቻ፣ ማለትም ዘንጉና ክንፎቹ ያሉበት ካርትሬጅ የሚሉት፣ 40 ገደማ ነው። አዲስ ኦሪጅናል 500፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ። ከፋዩ ድርጅት ካልሆነ በቀር ስለሱ ማውራት ጊዜ ማባከን ነው።

ኮፒው ግን 100 ሆኖ አይቀርም። ተርቦ ሲቀየር ዘይቱ አብሮ ይቀየራል፤ የሃይሉክስ ባለ 3.0 ሊትር የናፍጣ ሞተር ደግሞ 7 ሊትር ገደማ ይውጣል። ፊልትሮ፣ ጓርኒሲዮን እና የእጅ ዋጋ ሲጨመሩ ሌላ 40 በሉት። ኮፒው ሞቶ ሁለተኛ ሲገዛ ይህ ሁሉ እንደ አዲስ ይከፈላል፤ ድምሩ 280። ያገለገለውን በ150 የገዛ ከነወጪው 190 ላይ ቆሟል። መኪናዋ ተከራይታ የምትሠራ ከሆነ ጋራዥ የቆመችባቸውን ቀናት ኪራይም ጨምሩበት፤ እሱ ብቻውን ከተርቦው ዋጋ ሊበልጥ ይችላል።

አንድ ወዳጄ ኮፒውን ቶዮታ ተብሎ በታተመበት ካርቶን ገዛ። ማኅተሙ፣ ተለጣፊው፣ ቁጥሩ ሁሉ በቦታው ነበር። ከደብረ ሲና ወደ ጣርማ በር ሲወጣ ማፏጨት ጀመረ፤ ላዩ ሳይደርስ ከኋላው ሰማያዊ ጭስ። ሲፈታ የመጭመቂያው ክንፎች ግድግዳውን እየፋቁ ጫፋቸው ተበልቶ ነበር። ሻጩ ምን አለ? «ዘይቱ ነው የገደለው።» ይህችን መልስ ያልሰማ ኮፒ ገዢ እስካሁን አላጋጠመኝም። ዋስትናው ከሱቁ በር አያልፍም።

የተርቦው ዘንግ በደቂቃ ከ100,000 ጊዜ በላይ ይዞራል። እንደ ጎማ ኩሽኔታ በኳስ ላይ ሳይሆን በስስ የዘይት ሽፋን ላይ ተንሳፎ ነው የሚዞረው። በዚህ ፍጥነት ለመሞት ትንሽ የክብደት መዛባት ይበቃዋል። በዚያ ላይ አገራችን ከፍታ ናት። በባሕር ጠረፍ የአየር ግፊቱ 101 ኪሎፓስካል ሲሆን አዲስ አበባ ላይ 76 ገደማ ነው፤ ጣርማ በር ከ3,000 ሜትር በላይ ስለሆነ ከዚያም ይወርዳል። ተርቦው ያንኑ ግፊት ለመስጠት ይበልጥ መፍጠን አለበት። ጅቡቲ ወደብ ላይ የሚታገሥ ኮፒ እዚህ ቶሎ ቢሞት አይግረማችሁ።

ባለ 3.0ው፣ ኮፈኖው ላይ አየር ማስገቢያ ያለው፣ ሌላም ጣጣ አለው። በጭስ ማውጫው በኩል የሚከፈቱና የሚዘጉ ትንንሽ ክንፎች አሉት፤ ኮምፒውተሩ አክቹዌተር በሚሉት የኤሌክትሪክ አንቀሳቃሽ ያዛቸዋል። የክንፎቹ መቆሚያ ብሎን በመሣሪያ ተለክቶ ነው የሚታሰረው። ኮፒው ላይ በዓይን ግምት የታሰረ ይመስላል፤ ስለዚህ አዲስ ተርቦ ተገጥሞም ያው የአቅም ማነስ አይለቅም። ያን ብሎን የሚነካካ መካኒክ ካያችሁ መኪናችሁን ይዛችሁ ውጡ። ዌስትጌት፣ ማለትም ትርፍ ጭስ የሚያሳልፍ በር፣ ያለው የቆየው ባለ 2.5 ሞተር ቀለል ይላል። ሚዛን መሥሪያ ማሽን ያለው ባለሙያ ካገኛችሁ በራሳችሁ አሮጌ ተርቦ ሽፋን ውስጥ ባለ 40ውን ካርትሬጅ ማስገባት ያዋጣል። ለ3.0 ግን አልመክርም።

ያገለገለ ስል ከሻርጃ የመጣውን ሁሉ ማለቴ አይደለም። በብርማ ቀለም ተረጭቶ የሚያብረቀርቀውን እለፉት፤ ቀለም የሚቀባው የሚደበቅ ነገር ሲኖር ነው። ዘንጉን በጣት ይዛችሁ ወደ ጎን ስታነቃንቁት ትንሽ ልቅነት ቢኖረው ችግር የለም፤ የዘይቱ ቦታ ነው። ወደ ውስጥና ወደ ውጭ ስትገፉት ከተሰማችሁ ግን መልሱት። ክንፎቹ ላይ ጥርስ የበላው የሚመስል ነገር ካለ አቧራ ወይም ጠጠር ገብቶበታል ማለት ነው። የጭስ ማውጫው በኩል በዘይት ከራሰም ተዉት። የ3.0ውን የክንፍ ማንቀሳቀሻ በእጅ ስትገፉት ሳይያዝ መሄድና መመለስ አለበት፤ የአክቹዌተሩን ሶኬትም እዩ። ቁጥሩ በ17201 ይጀምራል፤ ቀጥሎ ያሉት ከእናንተው ጋር መግጠማቸውን ከአሮጌው ላይ ፎቶ አንስታችሁ ሂዱ። «ይሄም ይሆናል» የሚለውን ሻጭ አትስሙ።

ለመሆኑ ተርቦው ነው ያለቀው? ከሚደውሉልኝ ብዙዎቹ ሌላ ነገር ተበላሽቶባቸው ነው። ከተርቦው ወደ ኢንተርኩለር፣ ማለትም ወደ አየር ማቀዝቀዣው፣ የሚሄደውን ቱቦ አውልቃችሁ ከሥሩ እዩት፤ የተሰነጠቀ ቱቦ ቆሞ ሲታይ ደህና ይመስላል፣ ግፊት ሲመጣ ነው የሚከፈተው። የላላ ፋሼታ፣ ማለትም የቱቦ ማሰሪያ፣ ያው ነው። በአቧራ የታፈነ የአየር ፊልትሮም፣ ተከፍቶ የቀረ ኢጂአርም (ጭስ ወደ ሞተሩ የሚመልሰው ቫልቭ) ይህንኑ ያመጣሉ። ስካነር ላይ ፒ 0299 የሚል የብልሽት ኮድ ሲወጣ «ግፊት አነሰ» እንጂ «ተርቦ ቀይር» አላለም። ሞተሩ ሳይነሣ ቁልፉን ብቻ ከፍታችሁ የግፊት ሴንሰሩን አንብቡ፦ አዲስ አበባ ላይ 76 ኪሎፓስካል አካባቢ፣ ድሬዳዋ ላይ 87 አካባቢ ካሳየ ደህና ነው። 100 አላሳየም ተብሎ ደህና ሴንሰር ሲጣል አይቻለሁ። ፋሼታ ደግሞ በኛ የዋጋ ሚዛን 1 እንኳ አይሞላም።

በ3.0 ላይ ተርቦው በእርግጥ ሞቶ ከሆነ፣ የቱንም ብትገዙ፣ የዘይት ኮፓውን፣ ማለትም ከሞተሩ ሥር ያለውን የዘይት መያዣ፣ ሳታስወርዱ እንዳትገጥሙ። የዚህ ሞተር የታወቀ ሕመም የኢንጀክተሮቹ (ናፍጣ የሚረጩት) የመዳብ ሮንዴላ፣ ማለትም ማሸጊያ ቀለበት፣ ነው። ማሳለፍ ሲጀምር የቃጠሎ ጋዝ ወደ ዘይቱ ይገባል፣ ዘይቱ ይጠቁራል፣ ጥቀርሻው ታች ያለውን የዘይት መሳቢያ ወንፊት ይደፍነዋል። ተርቦው የሞተው በዘይት ጥማት ከሆነ፣ ቀጥሎ የሚገጠመውም ይጠማል፤ ከሱ በኋላ ተራው የሞተሩ ነው። ሮንዴላዎቹንም ቀይሩ፣ ወደ ተርቦው የምትገባዋን ቀጭን የዘይት ቱቦም በአዲስ ለውጡ፤ በናፍጣ ታጥባ ንጹሕ ብትመስልም ውስጧ የደረቀ ጥቀርሻ ይቀራል። ከማስነሣታችሁ በፊት በዘይት መግቢያው ጥቂት ዘይት አፍስሱበት፣ ከዚያ ቤንዚን ረግጣችሁ ሳታስጮኹ ለጥቂት ደቂቃ በዝግታ ይዙር።