የጥቁር ደን ኩኩ ሰዓት ከ8 ወር በኋላ፦ ማሽኑ ጠንካራ፣ ወናፉ ስስ

ይህ ግምገማ በጀርመን ጥቁር ደን አካባቢ ስለሚሠራው፣ ያለ ባትሪ ስለሚሄደው የአንድ ቀን ኩኩ ሰዓት ነው፤ ሰዓት ሲሞላ ትንሽ ወፍ ከበሯ ብቅ ብላ "ኩ-ኩ" የምትልበት የግድግዳ ሰዓት ነው። የጥድ ፍሬ ከሚመስሉት ሁለት ክብደቶች አንዱ ሰዓቱን ያስኬዳል፣ ሌላው ወፏን ያስጮሃል። ሰንሰለቱ በየ24 ሰዓቱ መሳብ አለበት። ለዚህ ፋታ የሌለው ሰው ዋጋው ቢወደድም በ8 ቀን አንዴ የሚሳበውን ቢገዛ ይሻለዋል። ሲሳብ ነፃውን ጫፍ ወደ ታች መጎተት ብቻ ነው፤ ክብደቱን በሌላ እጅ ከደገፉት ሰንሰለቱ ይላላና ከጥርሱ ይወጣል።

በ8 ወር ውስጥ የገጠመው ችግር አብዛኛው ከአሰቃቀል የመጣ ነው። ሰዓቱ ትንሽ ይሄድና ቀጥ ይላል። ማሽኑን ከመፍታት በፊት ጆሮ ማስጠጋት ነው። "ቀጭ… ቀጭ… ቀጭ…" እያለ በእኩል ርቀት ከመታ ደህና ነው። "ቀጭ-ቀጭ… ቀጭ-ቀጭ…" ካለ ግን ያነክሳል፣ መቆሙም አይቀርም። የሳጥኑን ታች 2 ወይም 3 ሚሊሜትር ወደ ግራ፣ ካልሆነም ወደ ቀኝ ገፋ እያደረጉ ምቱ እኩል እስኪሆን ማዳመጥ ነው። ውኃ ልክ ቀጥ ብሏል ቢልም የሚታመነው ጆሮ ነው። ሲስተካከል የሳጥኑን ጠርዝ ተከትሎ ግድግዳው ላይ በእርሳስ ማስመር ይጠቅማል፤ ሰንሰለት በተሳበ ቁጥር ሳጥኑ ይንሸራተታልና። ብሎኑ ፊሸር ገብቶለት፣ ከወለል 1.80 ሜትር ያህል ከፍ ይበል።

ሰዓቱ ከቀደመ ከሳጥኑ ሥር በሚወዛወዘው ዘንግ (ፔንዱለም) ላይ ያለውን ቅጠል ወደ ታች፣ ከዘገየ ወደ ላይ ማንሸራተት ነው። 1 ሚሊሜትር ብቻ ነክቶ አንድ ሙሉ ቀን መጠበቅ ያስፈልጋል።

በኢትዮጵያ አቆጣጠር ለሚጠቀም ቤት ደቂቃ ቆጣሪውን 6 ሙሉ ዙር ወደፊት ማዞር ይበቃል፤ ወፏ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ አንድ ጊዜ ትጮሃለች። ሲዞር በየሙሉው ሰዓትና በየግማሹ ቆም ብሎ ጩኸቷን ማስጨረስ ግድ ነው። የበሯ ሽቦ መቀርቀሪያም ክፍት ይሁን፤ እንደተቆለፈ ከመታ ማሽኑ ሊጣበቅ ይችላል።

ቅር የሚያሰኘው ወናፉ ነው። "ኩ-ኩ" የሚለውን ሁለት ድምፅ የሚያወጡት ሁለት ትናንሽ ወናፎች ሲሆኑ ልባሳቸው ስስ ነው፣ እጥፋቱ ላይ ይቀደዳል። ወፏ ከሁለቱ አንዱን ድምፅ ብቻ ካሰማች ወይም እስትንፋስ ብቻ ከወጣት፣ የጀርባውን ክዳን ከፍቶ የእያንዳንዱን ወናፍ ክዳን በጣት አንስቶ መልቀቅ ነው፤ ነፋስ የሚያፈሰው ወዲያው ይለያል። ፕላስተር መለጠፍ እጥፋቱን ያደርቀዋል። ርዝመቱንና ስፋቱን በሚሊሜትር ለክቶ የወናፉን የላይ ክፍል መለወጥና በእንጨት ኮላ ማጣበቅ ነው የሚያዛልቀው።

ዘይት ሲያስፈልግ ለሰዓት የተሠራ ይሁን፤ የምግብ ዘይት እንደ ሙጫ ይጣበቃል። የመርፌ ጫፍ የምትይዘውን ያህል፣ የማሽኑ ዘንጎች (አክሲሎች) ጫፋቸው ነሐሱን የሚነካበት ቦታ ላይ ብቻ ይደረግ። ጥርሶቹና ሰንሰለቱ ደረቅ ይሁኑ፤ ዘይት ከነካቸው አቧራ ይዞ እንደ አሸዋ ወረቀት ይፍቃቸዋል።

ሰዓቱን ወደ ሌላ ቤት ለመውሰድ መጀመሪያ ክብደቶቹን ማውረድ፣ ቀጥሎ ሰንሰለቶቹን ከሳጥኑ ሥር በቀጭን ሽቦ ማሰር፤ ከዚያ በኋላ ነው ከብሎኑ የሚነሳው።